አባታችን የተወልን ሰርቪስ ቤቶች ከእኛ በኋላስ?

ጥያቄ፦ አባታችን ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። ደሴ ያለው ግቢያችን ውስጥ አራት ሰርቪስ ቤቶች አሉ። በሕይወት እያለ ጧሪ ቀባሪ ለሌላቸው የሰፈሩ እናቶች በትንሽ ብር ያከራያቸው ነበር፤ ጭራሽ የማይከፍሉም ነበሩ። አምስታችንም ልጆቹ በስሙ እንዲቀጥል ተስማምተናል። የእኔ ጭንቀት ከእኛ በኋላ ነው። ልጆቻችን ቢሸጡትስ? ጀርመን ያለው ታናሽ ወንድሜ አንድ ቤተሰብ ለድሆች ያሠራው፣ 500 ዓመት የቆየ ሰፈር አለ ይለኛል። እውነት ነው? እንዴት ቆየ?
(ታላቅ እህት፣ ከደሴ)

መልስ፦ እህቴ፣ ነፍሱን ይማርልን። ወንድምሽ እውነቱን ነው። ሰፈሩ ፉገራይ ይባላል፤ ጀርመን፣ አውግስቡርግ ከተማ ውስጥ ነው።

ያሠራው ያኮብ ፉገር የሚባል ሀብታም ነጋዴ ነው። ለነገሥታት ያበድር ነበር፤ በ1519 (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥርልሽ) ካርል አምስተኛ የጀርመን (የቅድስት ሮማ ግዛት) ንጉሠ ነገሥት ሆኖ ሲመረጥ ለምርጫው ከወጣው ገንዘብ አብዛኛው የእሱ ነበር። የቤቶቹ ሥራ በ1516 ተጀመረ። በ1521 ደግሞ መተዳደሪያ ሰነዱ ተጻፈ፤ የተጻፈውም በራሱና በሞቱት ወንድሞቹ በኡልሪክና በጌኦርግ ስም ነው። እሱ ወራሽ ልጅ አልነበረውም። እስከ ዛሬ ሰፈሩን በበላይነት የሚመሩት የወንድሙ የጌኦርግ ዘሮች ናቸው።

አሁን ወደ ጭንቀትሽ ልምጣ። ያ ሁሉ ገንዘብ የሚንቀሳቀስበት የፉገር ንግድ ቤት በ17ኛው ክፍለ ዘመን ተዘግቷል። ነገሥታቱ ብድራቸውን አልመልስ አሉ፣ ጦርነትም መጣ። የድሆቹ ሰፈር ግን አልተዘጋም፤ ምክንያቱም የበጎ አድራጎቱ ሀብት በሰነድ ለብቻው ተለይቶ ነበር፣ ቀስ በቀስም ወደ መሬትና ወደ ደን ዞረ። ዛሬም ዋናው ገቢው ከደን ነው፤ ጎብኚዎችም መግቢያ ይከፍላሉ። በ1944 የአየር ድብደባ ብዙዎቹ ቤቶች ሲፈርሱ ቤተሰቡ ጦርነቱ እስኪያልቅ እንኳ ሳይጠብቅ መልሶ ለመሥራት ወሰነ።

ኪራዩ ያኔ በዓመት አንድ የራይን ጉልደን (የዚያ ዘመን ገንዘብ) ነበር። ዛሬም ያው ነው፣ በዩሮ 88 ሳንቲም፣ ለዓመቱ በሙሉ! የማሞቂያና የመሳሰሉትን ወጪ ግን ነዋሪው ራሱ ይችላል። ሌላው ግዴታ ጸሎት ነው፤ በየቀኑ አባታችን ሆይ፣ የማርያም ሰላምታና ጸሎተ ሃይማኖት ለመሥራቾቹ ነፍስ ይደገማል። እኛ ተዝካር የምናውቅ ሰዎች ይሄ አይከብደንም። አሁን 140 መኖሪያዎች አሉ፣ 150 ያህል ሰው ይኖርባቸዋል። የሙዚቀኛው የሞዛርት ቅድመ አያት፣ ግንበኛው ፍራንስ ሞዛርትም ተቸግሮ እዚያ ኖሯል።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚነካኝ የበሮቹ ነገር ነው። ፎቅ ላይ የሚኖረውም ምድር ቤት የሚኖረውም ከመንገድ የሚገባበት የየራሱ በር አለው። የደወል መጎተቻዎቹም ቅርፃቸው ይለያያል፤ የመንገድ መብራት ባልነበረበት ዘመን ሰው በጨለማ እጁን ሰዶ ዳብሶ የራሱን በር ይለይ ነበር። እርዳታ ሲቀበል የሚያፍር ሰው ብዙ ነው፣ አንቺም ታውቂዋለሽ። የራሱ በር ያለው ሰው ግን ባለቤት ነው፣ ጎረቤት ነው።

አንድ የማልስማማበት አለ። ለመግባት ችግረኛና የአውግስቡርግ ነዋሪ መሆን ብቻ አይበቃም፣ ካቶሊክ መሆንም ያስፈልጋል። እናንተ ይህን እንዳታደርጉ። ደሴ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ግድግዳ ተጋርቶ የሚኖርባት ከተማ ናት፤ አባታችሁም ሃይማኖት ጠይቀው ያስገቡ አይመስለኝም።

እንግዲህ በቃል መስማማታችሁ አይበቃም። አራቱ ቤቶች ከውርሱ ተለይተው ለምን አገልግሎት እንደዋሉ፣ ማን እንደሚመራቸው፣ አንዳችሁ ስትሞቱ ማን እንደሚተካ በጽሑፍ አስፍሩና ጠበቃ ይየው፣ አምስታችሁም ፈርሙ። ጣሪያው ሲያፈስ የጥገናው ብር ከየት እንደሚመጣም እዚያው ይጻፍ። ከመንገድ ዳር የምታከራዩት ክፍል ካለ ኪራዩን ለዚሁ መድቡት።