አይ ሰቨኑን ልግዛ ወይስ አይ ፋይቩ ይበቃኛል?

ከሐዋሳ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ነገሩን ለአንባቢዎች ባጭሩ ልንገራቸው። ዘንድሮ በኮምፒውተር ሳይንስ ትመረቂያለሽ፤ አንድሮይድ አፕ እየሠራሽ መቀጠር ትፈልጊያለሽ። ሻጩ ሁለት ስላሽ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5 ላፕቶፕ አሳይቶሻል። የሚለያዩት በፕሮሰሰራቸው፣ ማለትም በኮምፒውተሩ አንጎል ነው፤ ባለ አይ ፋይቩ 42 ሺ ብር ነው፣ ባለ አይ ሰቨኑ 53 ሺ። ሁለቱም 8 ጂቢ ራም (የተከፈቱ ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) እና 256 ጂቢ ኤስኤስዲ (ፋይል የሚቀመጥበት) አላቸው። ያጠራቀምሽው 50 ሺ ነው፤ የጎደለውን አጎትሽ ሊያበድሩሽ ፈቅደዋል። «ሥራ ስፈልግ ላፕቶፔ እንዳያሳፍረኝ ብዬ ነው» ብለሻል።

አይ ፋይቩን ግዢ። አጎትሽንም አታስቸግሪ።

የላክሽልኝን ፎቶ አጉልቼ አየሁት። አይ ፋይቩ 8350ዩ ነው፣ አይ ሰቨኑ 8650ዩ። ሁለቱም 4 ኮር (ራሱን ችሎ የሚያሰላ ክፍል) እና 8 ትሬድ (ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ መስመር) አላቸው። በዋናነት የሚለያዩት በካሽ ሜሞሪ (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለች ፈጣን ማስታወሻ) እና በፍጥነት ጣሪያቸው ነው። አንዱ እስከ 3.6 ጊጋኸርዝ ይደርሳል፣ ሌላው እስከ 4.2። በወረቀት ላይ 17 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። አፕሽን ቢልድ ስታደርጊ (ኮዱን ወደሚከፈት አፕ ስትቀይሪ) 2 ደቂቃ የሚፈጀው ሥራ 1 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ይፈጃል እንበል። እሱም ሲቀናሽ ነው። ላፕቶፑ ቀጭን ስለሆነ ሥራ ሲበዛበት ይግላል፤ ሲግል ደግሞ ሁለቱም ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ለ17 ሰከንድ 11 ሺ ብር!

አንቺን የሚያስጠብቅሽ ሌላ ነው። 8 ጂቢ ራም ያለው ላፕቶፕ ከጓደኛሽ ተዋሺና ሞክሪው። አፕ የሚሠራበትን አንድሮይድ ስቱዲዮን ክፈቺ፣ ኢሙሌተሩን (ኮምፒውተር ላይ ስልክ የሚያስመስለውን) አስነሺ፣ ክሮም ላይ አምስት ስድስት ታብ ጨምሪ። ከዚያ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኚ። ታስክ ማናጀር ሲከፈት ሲፒዩው (ፕሮሰሰሩ) ከፍ ዝቅ ሲል ታያለሽ። ሜሞሪው (ራሙ) ግን ወደ 90 በመቶ ወጥቶ እዚያው ቁጭ ይላል። ማውሱ የሚጎተተውም ለዚህ ነው። ራሙ ሲሞላ ዊንዶውስ የተረፈውን ወደ ኤስኤስዲው እያወጣና እየመለሰ ይሠራል። ኤስኤስዲ ከራም ጋር ሲነጻጸር ቀርፋፋ ነው። አይ ሰቨን ብትገዢም መንቀራፈፉ አይቀርልሽም።

ሻጩ «8 ጂቢ ራም በ4 ሺ 500 እጨምርልሻለሁ» ማለቱን መጨረሻ ላይ ጣል አድርገሽ አልፈሻል። ዋናው ነገር እኮ እሱ ነበር! ይህ ሞዴል ሁለት የራም ማስገቢያ አለው። ብቻ ሲከፍተው አጠገቡ ቆመሽ እዪ። ያለው 8 ጂቢ ሁለት ባለ 4 ከሆነ ባዶ ቦታ የለም፤ አንዱን አውጥቶ ቢተካልሽ የምታገኚው 12 ጂቢ ነው። 16 ከሞላልሽ በድምሩ 46 ሺ 500 ብር ታወጫለሽ። የቀረሽን 3 ሺ 500 ለኢንተርኔት ፓኬጅና ለቃለ መጠይቅ አዲስ አበባ መመላለሻ አድርጊው።

በነገራችን ላይ እኔም አንድ ጊዜ ተሸውጃለሁ። ተለጣፊው ላይ አይ ሰቨን የሚለውን አይቼ ብቻ ገዛሁ። ቤት ገብቼ ቁጥሩን ሳነብ 7500ዩ ሆኖ አገኘሁት፤ ሰባተኛ ጀነሬሽን (ትውልድ)፣ ኮሩም 2 ብቻ። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው አይ ፋይቭ 8250ዩ 4 ኮር አለው! ይባስ ብሎ ያ የኔው ላፕቶፕ ዊንዶውስ 11 ከሚቀበላቸው ዝርዝር ውስጥ የለም። ስለዚህ ተለጣፊውን ተዪው። ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ ሙሉ ቁጥሩን አንብቢ።

ቪዲዮ ኤዲቲንግ ወይም የሥሪ ዲ ሥራ ብትጠይቂኝ ኖሮ መልሴ ሌላ ነበር። ያኔም ቢሆን ቁጥሩ መጨረሻ ላይ «ኤች» ያለበትን፣ ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ ያለውን ፈልጊ እልሽ ነበር።

ስለ ማፈሩ ደግሞ። አንድ የመከርኩት ልጅ የላፕቶፑ ማጠፊያ ተሰብሮ በፕላስተር ጠቅልሎት ነበር። ቃለ መጠይቅ ሲገባ ከቦርሳው እንኳ አላወጣውም። ኪሱ ገብቶ ስልኩን አወጣና ለእናቱ የሠራላትን የእቁብ መመዝገቢያ አፕ አሳያቸው። ጠያቂው «ሁለት ሰዎች ዕጣ ቢለዋወጡስ?» አለው። ልጁ እዚያው ለዋውጦ አሳየው። ቀሪው ሰዓት ስለ እቁብ ሲያወሩ አለቀ፤ በሳምንቱ ተደወለለት። አንቺም እስክትመረቂ አንዲት እንዲህ ያለች አፕ ጨርሺና ስልክሽ ላይ ጫኛት። ኢሙሌተሩ ቢያስቸግርሽ ስልክሽን በኬብል አገናኝተሽ እዚያው ላይ መሞከር ትችያለሽ፤ ራምም ትቆጥቢያለሽ።

ልትገዢ ስትሄጂ ቻርጀሩን አስነቅለሽ ግማሽ ሰዓት ያህል ሥሪበት። መብራት ማታ ማታ ይጠፋል ብለሽኛልና ባትሪውን ማየት አለብሽ። በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ ባትሪው ከሩብ በላይ ከወረደ ገንዘቡን አታውጪ፤ ባትሪ ይቀይርልሽ ወይም ሌላ ያምጣልሽ።