ካርኒው በማን ስም ተቆረጠ? የጎጃም ሴቶችና ህብረት ስራ ማህበር፤ ጥያቄና መልስ

ከደምበጫ ወጣ ብሎ ያለ የአንድ ሁለገብ ህብረት ስራ ማህበር አባል ነኝ። ለብዙ ዓመታት ሒሳብ ይዤም ሰርቻለሁ። ስለ ሴቶችና ስለ ማህበር የከበዳችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የደረሱኝን እየመለስኩ ነው።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ ባለቤቴ የማህበሩ አባል ነው። እኔም ልመዝገብ ስል «ለአንድ ቤት ሁለት አባል ምን ያደርጋል?» አሉኝ። ልክ ናቸው?

መልስ፦ ልክ አይደሉም፣ እታለም። ይህ አነጋገር ከገበሬ ማህበር ጊዜ የቀረ ነው። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ የገበሬ ማህበር ሲቋቋም በየቤቱ የሚመዘገበው አባወራው ነበር። ሴት በስሟ የምትገባው ባል ከሌላት ነው። አዋጁ ተቀየረ፤ ልማዱ ግን በየሰው አፍ ላይ ቀረ።

አሁን የሚሰራው የህብረት ስራ ማህበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ነው። አባልነት የሰው እንጂ የቤት አይደለም። መመዝገቢያሽን ትከፍያለሽ፣ ዕጣ፣ ማለትም የማህበሩን ድርሻ፣ ትገዣለሽ፣ ትገቢያለሽ። ባለቤትሽ አንድ ድምፅ አለው፤ አንቺም አንድ ድምፅ ይኖርሻል። አስር ዕጣ ያለውም አንድ ዕጣ ያለውም ድምፁ ያው አንድ ነው።

ጥያቄ (ከዚያው ከቡሬ)፦ ገንዘቡ የሚገባው እዚያው ቤት ነው። የሁለታችን ስም መኖሩ ምን ይጠቅመናል?

መልስ፦ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ዋናው ነገር ይህ ነው።

ትርፍ የሚከፋፈለው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ባለሽ ዕጣ ልክ ነው። ሌላው በተሳትፎሽ፣ ማለትም ለማህበሩ ባስረከብሽው ምርትና ከማህበሩ በገዛሽው ዕቃ ልክ ነው። ተሳትፎሽን የሚያሳየው ካርኒ ነው። ካርኒ ላይ ስምሽ ከሌለ አልተሳተፍሽም ማለት ነው።

እናቴ ዕጣ የገዛች አባል ነበረች። ሁለት ዓመት በቆሎና በርበሬ በአህያ ጭና መጋዘን አስገብታለች። ጸሐፊው ካርኒውን የቆረጠው በአባቴ ስም ነው። ክፋት አስቦ አይመስለኝም፤ የለመደውን ስም ጻፈ። ትርፍ ሲከፋፈል ለእናቴ የደረሳት የዕጣዋ ብቻ ነበር፤ እሱም ለጨውና ለቡና የሚበቃ አይደለም። «ተሳትፎሽ ባዶ ነው» አሏት። ወገቧ የጎበጠው በዚያ ጭነት ነው። አባቴ ሲሰማ ደነገጠ፤ ካርኒውን ልብ ብሎ አይቶት አያውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሒሳብ ስይዝ አንድ ነገር ለመድኩ። ምርት ይዛ የመጣችን ሴት መጀመሪያ የምጠይቃት «በማን ስም ይቆረጥ?» ብዬ ነው። ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። ከዚህ በፊት ማንም ጠይቋቸው አያውቅም።

ጥያቄ (አንድ አባት፣ ከጎዛምን)፦ ሴቶቹ ስብሰባ ከዋሉ ከብቱን ማን ያልባል? እንጀራውስ?

መልስ፦ አያ፣ ጥያቄዎ እውነተኛ ስለሆነ አልቆጣም። ስብሰባ የምንጠራው ስራ በማይሰራበት ቀን ነው፤ በሚካኤል፣ በማርያም፣ በባለእግዚአብሔር። ወንዱ የዚያን ቀን ሞፈር አይጨብጥም፤ አርፎ ይመጣል። ሴቷ ግን ውኃ መቅዳቱም ወጥ መስራቱም በበዓል አይቀርላትም። ስብሰባው ሦስት ሰዓት ተብሎ ስድስት ሰዓት ሲጀመር፣ እሷ ሦስት ሰዓት መጥታ፣ ጠብቃ፣ ሄዳለች። ውሳኔው ያለ እሷ ያልቃል። ከቅዳሴ መልስ በሰዓቱ ጀምረን በሰዓቱ ብንጨርስ የሚመጡት ሴቶች ይበዛሉ። የእኛ ማህበር ሞክሮት አይቻለሁ። ላሚቱን ደግሞ ለአንድ ቀን ልጅዎ ቢያልባት ምንም አትሆንም።

ጥያቄ (ከፍኖተ ሰላም)፦ እቁብ እያለን ቁጠባና ብድር ማህበር ለምን?

መልስ፦ እቁቡን አትተዪው። እቁብ ግን የሚሰጥሽ የራስሽን ገንዘብ ነው፤ ዕጣሽ መጨረሻ ከወጣ ሌላው ተጠቅሞ አንቺ ጠብቀሻል። ቁጠባና ብድር ላይ የቆጠብሽው ወለድ ይይዛል፤ ካስቀመጥሽው በላይም ትበደሪያለሽ። ለፋሲካ የሚሸጥ በግ ለማድለብ ገንዘቡ የሚያስፈልገው ጾሙ ሳይገባ ነው። እቁቡ የዚያን ሳምንት ላይወጣልሽ ይችላል። ለጠላና ለአረቄ ነጋዴዎችም እንዲሁ ነው፤ ዳጉሳ ሲረክስ ካልገዙ ክረምት ላይ አይቀመስም።

ጥያቄ፦ የሴቶች ብቻ ማህበር አይሻልም?

መልስ፦ ለወተት፣ ለፈትል፣ ለዶሮ ጥሩ ነው፤ ሴቶች እዚያ መናገር ይለምዳሉ። ግን ማዳበሪያና ምርጥ ዘር የሚመጣው በሁለገቡ በኩል ነው። ከፍኖተ ሰላም በዳሞት፣ ከደብረ ማርቆስ በጎዛምን፣ ከባህር ዳር በመርከብ ዩኒየን (የማህበራቱ ህብረት) አድርጎ ወደ መሠረታዊ ማህበሩ ይወርዳል። ትልቁ ገንዘብና ትልቁ ውሳኔ ያለው እዚያ ነው። እኛን ወተት ላይ አስቀምጠው ዩሪያውን ለብቻቸው እንዲመክሩበት አልፈልግም። ሁለቱም ቦታ ግቡ።

ጥያቄ (ከሞጣ)፦ ፊደል አልቆጠርኩም። ኮሚቴ ብመረጥ ያሾፉብኛል?

መልስ፦ ሊያሾፍ የሚፈልግ አይጠፋም። እኛ ዘንድ ቁጥጥር ኮሚቴ የገባች አንዲት እናት ነበረች፤ ፊደል አታውቅም። መጋዘን ገብታ ጆንያውን በእጇ እየነካች ቆጠረች። መዝገቡ ላይ ያለው ሲነበብላት «ዘጠኝ ይጎድላል» አለች። ደግመን ስንቆጥር እውነቷን ነው። ማንበብ የምንችለው እኛ ያየነው ወረቀቱን ብቻ ነበር። ልጅሽ ስምሽን መጻፍ ያስተምርሽ፤ ለፊርማው ይሆንሻል።

ጥያቄ፦ ሴቶች ኮሚቴ ውስጥ ስንት ይሁኑ?

መልስ፦ ከቁጥሩ ይልቅ ስራውን አያለሁ። በብዙ ቦታ ሴቷን ትመርጡና ሻይ ቡና እንድታዘጋጅ ታደርጋላችሁ። ሊቀመንበርነቱን፣ ገንዘብ ያዥነቱን፣ የመጋዘኑን ቁልፍ ስጧት።

ጥያቄ (ከደጀን)፦ ባሌ አርፏል። ዕጣው ጠፋ ማለት ነው?

መልስ፦ እግዜር ያጽናሽ። አልጠፋም፤ ለወራሽ የሚተላለፍ ነው። የወራሽነት ማስረጃሽን አውጥተሽ ወደ ማህበሩ ጽሕፈት ቤት ሂጂ። የመሬት ደብተሩንም አውጥተሽ እዪው። በክልላችን ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በተሰጠው ደብተር የባልም የሚስትም ስም ይገባል፤ ስምሽ ካለ ይዘሽው ሂጂ። «ነገ ነይ» ካሉሽ የመጣሽበትን ቀን በጽሑፍ እንዲሰጡሽ ጠይቂ። የሟች ዕጣ ስንት እንደሆነም መዝገቡ ተከፍቶ ይነበብልሽ። ብቻሽን አትሂጂ፤ ቆጥሮ የሚያስታውስ አንድ ሰው ይዘሽ ግቢ።