ንጉሥን በቅል የሚያወርዱ

ጥያቄ፦ ሰላም ብያለሁ። ባለፈው እሁድ ደሴ ቤታችን ቡና ላይ ክርክር ተነሣ። አጎቴ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ብለው አፋችንን አዘጉን። አፍሪካ ውስጥ ንጉሥን የጠየቀ ሕዝብ ኖሮ አያውቅም፣ ይሄ ሁሉ ከፈረንጅ የመጣ ነው ይላሉ። እኔ አልዋጥልኝ አለ፤ ግን መልስ አጣሁ። እውነታቸውን ነው?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። አጎትሽ ተረቱን አልሳቱም፣ ግን አፍሪካን በሙሉ በእኛ ቤት ለኩት።

ዛሬ ናይጄሪያ በምንለው አገር ዮሩባዎች የኦዮ መንግሥት የሚባል ነበራቸው። ንጉሡ አላፊን ይባላል። ኦዮ ሜሲ የሚባሉ ሰባት ታላላቅ ሹማምንት ነበሩ፤ የእነሱ አለቃ ደግሞ ባሾሩን ነው። ንጉሡ ግፍ ሲያበዛ ባዶ ቅል ወይም የበቀቀን እንቁላል ይቀርብለታል። በቃ፣ ነገሩ ገብቶታል። በገዛ እጁ መሞት አለበት። ቅል እኮ ነው፣ እኛ ወተት የምንንጥበት!

ችግሩ ቅሉን የሚያቀርበውም ሰው መሆኑ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጋሃ የሚባል ባሾሩን ሥልጣኑን አላግባብ ይዞ አንዱን ንጉሥ ከሌላው በኋላ ሲያስወግድ ከረመ፣ በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1774 አላፊን አቢዮዱን እሱኑ ጣለው። አጎትሽ ይቺን ካነሱብሽ አትከራከሪያቸው፣ ልክ ናቸው።

የጋናዎቹ አሻንቲዎች ሞት ውስጥ አይገቡም። አለቃው ሲሾም ሽማግሌዎቹ በሕዝብ ፊት «አትሳደብ፣ አትስገብገብ፣ ምክር ስማ» ይሉታል፣ እሱም ይምላል። መሐላውን ካፈረሰ ከወንበሩ ያወርዱታል። ሲያወርዱት ጫማውን አውልቀው ባዶ እግሩን መሬት ያስረግጡታል። የአለቃ እግር መሬት መንካት ነውር በሆነበት አገር ይሄ ቀላል ውርደት አይደለም።

ደግሞ ምን ጋና ድረስ አስኬደን? የቦረና አባ ገዳ ስምንት ዓመት መርቶ ያስረክባል። ካጠፋ ደግሞ ጉሚ ጋዮ በሚባለው የቦረና ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ተገምግሞ ከጊዜው በፊት ሊሻር ይችላል።

እኛ ጋ እንዲህ ያለ ቅል አላውቅም። ጆሮ ግን ነበር። ሦስተኛው ስኒ ላይ አጎትሽን ቀስ ብለሽ ጠይቂያቸው፦ ንጉሥ የማይጠየቅ ከሆነ የድሮ መኳንንት «እረኛ ምን አለ?» እያሉ ለምን ያስጠይቁ ነበር?