ወንድሜ «ተመርመሪና እንወቀው» ይለኛል

ጥያቄ፦ 38 ዓመቴ ነው። የምኖረው ጅማ ነው። ባለትዳርና የአንዲት የ9 ዓመት ልጅ እናት ነኝ። እናቴ 71 ዓመቷ ነው፤ የምትኖረው ከኔ ጋር ነው። ከሦስት ዓመት ወዲህ መርሳት ጀመረች። መጀመሪያ እርጅና ነው ብለን ተውነው። አሁን ግን ቡና አፍልታ አቦሉን ከጠጣን በኋላ፣ ትንሽ ቆይታ «ዛሬ ቡና ሳንጠጣ ልንውል ነው?» ብላ እንደገና መቁላት ትጀምራለች። ባለፈው ወር ሐሙስ ገበያ ሄዳ መመለሻው ጠፋባት። የሚያውቃት የባጃጅ ሾፌር ነው ቤት ያደረሳት። አያቴም በስተርጅናዋ እንዲሁ ነበረች ይላሉ። አሜሪካ ያለው ታላቅ ወንድሜ ምራቁን ልኮ ተመረመረና ለመርሳት በሽታ የሚያጋልጥ ዘረ መል ተገኘበት። አሁን በየሳምንቱ እየደወለ «አንቺም ተመርመሪ፣ ዕቃውን በሰው እልክልሻለሁ፣ አለማወቅ ድንቁርና ነው» ይለኛል። እኔ ደግሞ ቁልፍ በጠፋብኝ ቁጥር «በቃ ጀመረኝ» እያልኩ ላብ ያጠምቀኛል። ባለቤቴን ሳማክረው «እንዳልሽ» ብሎ ዝም ይላል። ማወቅ እፈራለሁ፤ አለማወቁም እንቅልፍ ነሳኝ። እናቴን እኔ ይዣታለሁ። እኔንስ ማን ይይዘኛል? ልመርመር ወይስ ልተወው?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ላይ አንድ ነገር ፈልጌ አጣሁ። ስለ ወንድምሽ ምርመራ ጽፈሻል፤ ስለ ራስሽም ጽፈሻል። እናትሽ ሐኪም ዘንድ ሄደው እንደሆነ ግን አንድም መስመር የለም።

ስለዚህ ከሳቸው ልጀምር። የታመሙት እሳቸው ናቸው፤ ምን እንደያዛቸው ግን እስካሁን ያወቀ የለም። የመርሳት በሽታ ስንል የአንድ በሽታ ስም መጥራታችን አይደለም። ከጀርባው ብዙ ዓይነት በሽታ ሊኖር ይችላል። ዋናው አልዛይመር ነው፤ ከመቶው ከ60 እስከ 70 የሚሆነውን ይይዛል። ደም ግፊትና ስኳር የአንጎልን የደም ሥሮች ሲጎዱ የሚመጣም አለ። ከነዚህ ሌላ ደግሞ ሲታከሙ የሚሻሻሉ አሉ። የታይሮይድ ዕጢ መድከም፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ድብርት፣ ወድቆ ጭንቅላት ከተመታ በኋላ ቀስ እያለ የሚጠራቀም ደም፣ አንዳንዴም ለሌላ በሽታ የታዘዘ መድኃኒት። ከውጭ ለሚያይ ሁሉም አንድ ናቸው። ሰፈርተኛውም «ጃጅተዋል» ብሎ ያልፋል።

ልዋሽሽ አልፈልግም። በዚህ ዕድሜ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ቀስ እያለ የመጣ፣ አሁን ደግሞ ዕድሜ ልክ የሄዱበትን መንገድ እስከማጥፋት የደረሰ ነገር አልዛይመር ወይም መሰሉ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም መታየት አለባቸው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሁለት እርምጃ ነው ለናንተ። ሐኪሙ ታሪካቸውን ይጠይቃል፣ የማስታወስ ፈተና ይሰጣቸዋል፣ ደም ያያል፣ ካስፈለገ የጭንቅላት ሲቲ ስካን ያዛል። ጆሯቸውንም ይታዩ። በደንብ የማይሰማ ሰው ያልሰማውን «ረሳ» ይባላል፤ የመስማት ችግር ራሱ ደግሞ ለመርሳት በሽታ ያጋልጣል።

አሁን ወደ ወንድምሽ።

ስሙን ባትጽፊውም፣ እንዲህ ያሉት የቤት ውስጥ የምራቅ ምርመራዎች ለአልዛይመር ብዙ ጊዜ የሚያዩት አፖኢ 4 የሚባለውን ነው። ይህ ዘረ መል ያጋልጣል እንጂ አይፈርድም። ከአንድ ወላጅ የወረሰው ሰው አደጋው ከሌላው ሰው ሁለት ሦስት እጥፍ ይሆናል። ከሁለቱም ከወረሰ ከ8 እስከ 12 እጥፍ ይደርሳል። ያም ሆኖ ተሸክመውት ሸምግለው አእምሯቸው ሳይነካ የሚሞቱ አሉ። ሳይኖርባቸው የሚታመሙም ሞልተዋል። በዚያ ላይ ቁጥሮቹ በአብዛኛው የተሰበሰቡት ከአውሮፓ ዘር ሰዎች ነው፤ በአፍሪካ ዘር ሰዎች ላይ ጫናው ቀለል ብሎ ታይቷል። ወንድምሽ አንድ ብቻ ተገኝቶበት ከሆነ ደግሞ ከእናታችሁ ይምጣ ከአባታችሁ በምን ይታወቃል? የሱ ውጤት ያንቺ ውጤት አይደለም።

የሚፈርዱ ዘረ መሎችም አሉ። ሦስት ናቸው፤ ከወላጅ ወደ ልጅ የመተላለፍ ዕድላቸው ግማሽ በግማሽ ነው። እነሱ ያሉበት ቤተሰብ ግን ይታወቃል። ሰው በ40ዎቹና በ50ዎቹ፣ አንዳንዴም ከዚያ በፊት፣ ትውልድ ሳይዘልል ይታመማል። ያንቺ እናት 68 ዓመት እስኪሞላቸው ደህና ነበሩ፤ አያትሽም በስተርጅና ነው ያልሽው። የናንተ ታሪክ ይህን አይመስልም።

«አለማወቅ ድንቁርና ነው» ያለው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ስላናደደኝም ጭምር። ሀንቲንግተን የሚባል የአንጎል በሽታ አለ። ዘረ መሉን የወረሰ ሰው ዕድሜ ከሰጠው መታመሙ አይቀርም ማለት ይቻላል። ዘረ መሉ እ.ኤ.አ. በ1993 ተገኘ፤ ከዚያ ወዲህ እርግጠኛ ምርመራ አለው። ወላጆቻቸው ታመው ያዩ፣ ምርመራውን ማግኘት የሚችሉ አብዛኞቹ ልጆች ግን ሳይመረመሩ መኖርን መረጡ። አላዋቂ ስለሆኑ አይደለም። መመርመር የፈለገም ቢሆን ዝም ብሎ ምራቅ ልኮ ውጤቱን በስልክ አያይም። ቀድሞ ከአማካሪ ጋር ይነጋገራል፣ የሚቀርበውን ሰው ይዞ ይመጣል፣ የማሰቢያ ጊዜ ይሰጠዋል። ደሙን ከሰጠ በኋላ እንኳ «ውጤቱን አልፈልግም» ብሎ መሄድ ይችላል። ላንቺ የቀረበልሽ በሰው የሚላክ ዕቃ ነው። ከጎኑ የሚቀመጥ አማካሪ የለውም።

እስቲ አንድ ነገር ሞክሪ። ውጤቱ መጣ እንበል፤ አለብሽ ተባልሽ። በማግስቱ ጠዋት ምን ትለውጫለሽ? ደግሞ የለብሽም ተባልሽ እንበል። ያኔስ? ዘረ መሉ ስላለ ብቻ ለጤነኛ ሰው የሚታዘዝ መድኃኒት እስካሁን የለም። ሌካኔማብና ዶናኔማብ የሚባሉት አዳዲሶቹም ምልክቱ ለጀመራቸው ናቸው፤ እነሱም በሽታውን ያዘገያሉ እንጂ አያቆሙትም። ማድረግ የምትችይው ነገር በሁለቱም ውጤት አንድ ነው። ደም ግፊትሽን መለካት፣ ስኳርና ኮሌስትሮልሽን መታየት፣ በእግር መሄድ፣ ከሰው አለመራቅ። ዘ ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 እንዲህ ያሉ 14 ነገሮችን ቆጥሮ፣ ሁሉም ቢስተካከሉ በዓለም ካለው የመርሳት በሽታ እስከ 45 በመቶው ሊቀር ወይም ሊዘገይ ይችላል ብሏል።

ማወቅ ሁሉንም ሰው ይጎዳል አልልም። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት በምክር ታግዘው ውጤታቸውን የሰሙ ሰዎች በአማካይ ዘላቂ ጭንቀት እንዳልያዛቸው አሳይቷል። አንቺን ሳስብ የሚመጣብኝ ግን እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ሌላ ጥናት ነው። ሁለቱም ቡድን አፖኢ 4 ያለባቸው አረጋውያን ናቸው፤ አንዱ ያውቃል፣ ሌላው አያውቅም። የሚያውቁት የማስታወስ ችሎታቸውን ከማያውቁት ይልቅ ዝቅ አድርገው ገመቱ። ሲፈተኑም ከማያውቁት ያነሰ አስታወሱ። ቁልፍ ሲጠፋባት ላብ የሚያጠምቃት ሴት ይህን ወሬ ብትጨምርባት ምን እንደምትሆን አስቢው። (እኔ ባለፈው ሳምንት መነጽሬን ፍሪጅ ውስጥ አገኘሁት። ደክሞኝ ነበር።) አንቺስ በሌሊት ስንት ጊዜ ትነሻለሽ? እንቅልፍ ያጣ ሰው ይረሳል።

ስለዚህ የኔ ሐሳብ፣ አሁን አትመርመሪ። አንድ ቀን ልብሽ ከፈለገ አልከለክልሽም፤ ግን ከሐኪም ጋር ተነጋግረሽ ይሁን፣ የወንድምሽን ንዝነዛ ለመገላገል አይሁን። ልጅሽን ግን ማንም እንዳይነካት። በጉልምስናና በእርጅና ለሚመጣ፣ አስቀድሞ ምንም ለማይደረግለት በሽታ ልጆች አይመረመሩም። አድጋ ራሷ ትወስን።

«እኔንስ ማን ይይዘኛል?» ያልሽውን ደግሞ ላቦራቶሪ አይመልሰውም። እንደሚመስለኝ የደብዳቤሽ እውነተኛ ጥያቄ እሱ ነው። አንቺ የፈራሽው በ30 ዓመት የሚመጣውን ብቻ አይደለም። ዛሬም ብቻሽን ነሽ። ወንድምሽ ሩቅ ነው፤ እናቱን ማጠብ አይችልም፣ ገበያ ሄዶ መፈለግ አይችልም። የሚችለው ዕቃ ገዝቶ መላክ ነው፤ ስለዚህ ይልካል። ክፋት የለውም። ግን ሌላ ሥራ ስጪው። እንዲህ በዪው፦ «ወንድም ጋሼ፣ ስለራስህ የነገርከኝን ሰምቻለሁ። የኔን ግን ለጊዜው ማወቅ አልፈልግም፤ ደግመህ አትጠይቀኝ። ለእማዬ በቀን የሚያግዘኝ ሰው እፈልጋለሁ፣ ደመወዙን አንተ ቻል። ደግሞ እሁድ እሁድ ለኔ ሳይሆን ለሷ ደውልላት።» ከተቆጣም ይቆጣ። ያልፍለታል።

ባለቤትሽንም «ልመርመር?» ብለሽ አትጠይቂው። «እንዳልሽ» ነው የሚልሽ፤ ምን ይበል? ይልቅ «ማክሰኞና ዓርብ ማታ እማዬን አንተ ያዛት፣ እኔ ልተኛ» በዪው። ይህ ሊመልሰው የሚችል ጥያቄ ነው።

እማማን ገበያ አትከልክያቸው፤ ሐሙስን ይወዱታል መሰለኝ። ሰው አብሯቸው ይሂድ፤ ያንቺና የባለቤትሽ ስልክ የተጻፈበት ወረቀት ነጠላቸው ጫፍ ላይ ይቋጠር። ያንን የባጃጅ ልጅም ስልኩን ተቀበይው። ቡናውን በተመለከተ፣ «ጠጥተናል እኮ!» እያልሽ አትሟገቺያቸው። ረስተዋል፤ ክርክሩ ያሳፍራቸዋል እንጂ አያስታውሳቸውም። ሲቆሉ አጠገባቸው ተቀመጪ፤ ከሰል ላይ ብቻቸውን አይሁኑ።

ሐኪም ቤት ስትሄዱ ደግሞ እቤት ያለውን መድኃኒታቸውን በሙሉ፣ ከጎረቤት የተዋሱትንም ሳይቀር፣ በፌስታል ይዘሽ ሂጂ። ሐኪሙ መጀመሪያ ከሚጠይቅሽ ነገሮች አንዱ እሱ ነው።