የቤት ሕግ ሲሻሻል የሕንድ ከተሞች ምን ሆኑ?

ወንድሜ፣ «ሕንድ የቤት ሕጎቿን ማሻሻሏ ትልልቅ ከተሞቿን በእርግጥ ለውጧል ወይስ ወረቀት ላይ ቀረ? ለመመረቂያ ጽሑፌ የትኛውን ከተማ ልያዝ?» ብለህ ጠይቀሃል። የከተማ ፕላን የተማርኩት አህመዳባድ ስለሆነና ሙምባይም እመላለስ ስለነበር ያየሁትን ልንገርህ። ለውጧል። ግን ብዙ የተወራለት ሕግ ሌላ፣ ከተማውን የገፋው ሕግ ሌላ ነው።

ሙምባይ ላይ እ.ኤ.አ. በ1947 የወጣው ሕግ ኪራይን በ1940 ዋጋ ላይ አቆመው። የእኛን የቀበሌ ቤት የሚያውቅ ሰው የቀረው አይጠፋውም፤ አከራዩ ጣሪያ አያድስም፣ ተከራዩም አይለቅም። በደቡቡ የከተማው ክፍል ያረጁ ሕንፃዎች በክረምት መደርመሳቸው የተለመደ ዜና ነው። ተከራዩ ሲወጣ «ፓግዲ» የሚሉትን የቁልፍ ገንዘብ ከአዲሱ ገቢ ይቀበላል፣ ባለቤቱም ድርሻውን ይወስዳል። በ1999 የወጣው አዲስ ሕግ ይህን ልማድ ሕጋዊ ከማድረጉ በቀር ለነባር ተከራዮች የፈቀደው በዓመት 4 በመቶ ጭማሪ ነው። ከኢምንት ላይ 4 በመቶ ቢጨመር ያው ኢምንት ነው።

በዚህ ላይ የ1976ቱ የመሬት ጣሪያ ሕግ መጣ። በትልልቆቹ ከተሞች ከ500 ካሬ ሜትር በላይ ባዶ መሬት መያዝ ተከለከለ። ትርፉ ለድሃ ቤት ይውላል ነበር ሐሳቡ፤ ባለመሬቶቹ ፍርድ ቤት ሄዱና መሬቱ በክርክር ታስሮ ኖረ። ማዕከላዊው መንግሥት ሕጉን በ1999 ሲሽረው፣ ሙምባይ ያለችበት የማሃራሽትራ ግዛት ግን እስከ 2007 ይዞት ቆየ። የከፍታ ደንቡም አለ። በ1991ዱ ደንብ መሀል ከተማው ላይ የሚፈቀደው ጠቅላላ ወለል የቦታው 1.33 እጥፍ ነበር፤ 300 ካሬ ካለህ ሁሉም ፎቅ ተደምሮ 400 ካሬ ገደማ ማለት ነው። ያውም በባሕር በተከበበች ጠባብ ምድር! ሰው ወደ ዳር እየተገፋ ባቡሩ ላይ ተንጠልጥሎ ቢመላለስ ምን ይገርማል?

ከ1995 ጀምሮ የመጣው መፍትሔ ብልጠት ነበረው። አልሚው ለጨረቃ ቤት ነዋሪዎች በነፃ ይሠራል (መጀመሪያ ላይ 21 ካሬ ሜትር ያህል)፣ በምላሹ ተጨማሪ ከፍታ ተፈቅዶለት ትርፉን በገበያ ዋጋ ይሸጣል። መንግሥት ለግንባታው ገንዘብ አያወጣም። ግን ስሌቱ የሚሠራው መሬቱ ውድ በሆነበት ቦታ ነው፤ አልሚው የማይጓጓለት ሰፈር ይጠብቃል፣ ይጠብቃል። የገባሁባቸው አንዳንዶቹ ሕንፃዎች እርስ በርስ ከመጠጋጋታቸው የተነሳ ታችኛው ፎቅ ላይ በቀትር መብራት ይበራል። ለሊፍት የሚዋጣው ከብዷቸው ሸጠው ወይም አከራይተው የወጡም አሉ። እኔ ይህን ከፍታን መቸርቸር እለዋለሁ፤ ፎቁ ይጨምራል፣ መንገዱና ፍሳሹ ያው ነው።

አህመዳባድ ሄደህ ብታይ ግን ሌላ ነገር ነው። መነሻው የ1915 ሕግ ነው፣ አዲስ ግኝት አይደለም። ከተማው ሊስፋፋበት ያለው የእርሻ መሬት በካርታ ላይ አንድ ላይ ይደረጋል፤ ለመንገድ፣ ለመናፈሻ፣ ለትምህርት ቤትና ለሽያጭ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 40 በመቶ ይቀነሳል፣ የቀረው ቅርጹ ተስተካክሎ ለዚያው ገበሬ ይመለሳል። መሬቱ ያንሳል፣ ዋጋው ግን መንገድ ስላገኘ ይወጣል። ወደ 76 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የቀለበት መንገድ ቦታ በአብዛኛው የተገኘው እንዲህ ነው፤ ከቀዬው የተነቀለው ሰው ጥቂት ነው። ሰው ከመስፈሩ በፊት መንገዱ ስለሚታወቅ አልሚው በሕጋዊ መንገድ ይገነባል። እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። ከተማውን በሚያቋርጠው ወንዝ ዳር በተካሄደው ልማት የተነሡት ድሆች ሩቅ ነው የተላኩት፣ እሱን ይህ ዘዴ አልፈታውም።

ስለ 2016ቱ የሪል ስቴት ሕግ ብዙ አልልም። ከገዢ የሚሰበሰበው 70 በመቶ በተለየ ሒሳብ ተቀምጦ ለዚያው ሕንፃ ብቻ እንዲውል አስገደደ። በአንዱ ገዢ ገንዘብ የሌላ ፕሮጀክት መሬት መግዛት ለለመደ አልሚ ከባድ ነው፤ ለገዢው መልካም ሆነ። ከተማው ወዴት እንደሚያድግ ግን አይወስንም።

ለመመረቂያህ አህመዳባድን ያዝ። የዚያ ዘዴ ትልቁ ድክመት መዘግየቱ ስለነበር፣ ዘዴውን የሚመራው የከተማ ፕላን ሕግ በ1999 ከመሻሻሉ በፊትና ከተሻሻለ በኋላ የጸደቁ ፕላኖችን አወዳድር፤ ከረቂቁ እስከ መንገዱ መከፈት ስንት ዓመት እንደወሰደ ቁጠር።