ማሩ የእርስዎ ከሆነ ንቡም የእርስዎ ነው

ጥያቄ፦ የአዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ አካባቢ ነዋሪ ነኝ። ከአራት ዓመት በፊት በሁለት ዘመናዊ ቀፎ ለመዝናናት የጀመርኩት ንብ ማነብ ዛሬ አሥራ አንድ ቀፎ ደርሷል። ማሩን ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቼና በቴሌግራም ለሚያዙኝ እሸጣለሁ። አሁን ስም አውጥቼ፣ አሽጌ ለሱቆች ማስረከብ አስቤያለሁ። ከአምናው ትንሽ የጎረቤት ጉዳይ በቀር ችግር ገጥሞኝ አያውቅም። ምን ምን ፈቃድ ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የጠየቁኝን በአጭሩ ልመልስና ወዳልጠየቁኝ ልለፍ።

የንግድ ምዝገባና ፈቃድ (አዋጅ ቁጥር 980/2008) እና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያስፈልግዎታል። ያለ ፈቃድ መነገድ እስከ እስራት ያደርሳል፤ ስለዚህ የቴሌግራሙን ሽያጭ እንደ ቀላል አይዩት። ማር ምግብ ነውና ለማሸጊያውና ለጽሑፉ የምግብ ተቆጣጣሪውን አስቀድመው ያማክሩ። ከሌላ አንቢ ገዝተው የሚያሽጉ ከሆነ የፈቃዱ ዘርፍ ሊለይ ስለሚችል እውነቱን ይናገሩ። የንግድ ስም ማስመዝገብና የንግድ ምልክት ማስመዝገብም አንድ አይደሉም፤ ምልክቱ የሚመዘገበው አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ዘንድ ነው።

አሁን ወደ «ትንሽ የጎረቤት ጉዳይ» እንምጣ። ንብ ነድፎ ከሆነ ማን ተነደፈ? ልጅ ነው? ሐኪም ቤት ሄዷል? ገንዘብ ሰጥተዋል? የፈረሙት ወረቀት አለ? አንዱንም አልነገሩኝም። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ መጀመሪያ መጻፍ የነበረብዎት ይህንን ነው።

ደንበኞች ደጋግመው የሚወድቁበት ጉድጓድ እዚህ ጋ ነው። «እኔ ምን አጠፋሁ?» ይላሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2071 ግን ጥፋት አይጠይቅም። የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። በድንገት ቢያመልጠውም፣ ጉዳቱ ማንም ያልገመተው ቢሆንም ያው ነው። «ቤት አልነበርኩም» አያድንም። «ልጁ ቀፎውን በድንጋይ መታው» የሚለው ሊረዳዎት ይችላል፤ ግን የተጎጂውን ጥፋት ማስረዳት የእርስዎ ሥራ ነው። «የእኔ ንብ መሆኑን ማን አየ?» የሚሉም አሉ። እርግጥ ማስረዳቱ የከሳሽ ሸክም ነው። ሆኖም አሥራ አንድ ቀፎ አጥሩ ሥር ተደርድሮ፣ ፎቶው በቴሌግራም ተለጥፎ ይህ ክርክር የት ያደርሳል? በጠራራ ፀሐይ ማር ሲቆርጡ ንቡ ተቆጥቶ ሰው ከነደፈ ደግሞ በቸልተኝነት የአካል ጉዳት አድርሰዋል ተብለው በወንጀልም ሊጠየቁ ይችላሉ። ንድፊያ የማይስማማው ሰው ሕይወቱ ሊያልፍ እንደሚችል እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ።

ምናልባት «ሽማግሌ ገብቶ ቡና ጠጥተን ታርቀናል» ይሉኝ ይሆናል። ዕርቁ መልካም ነው፣ አከብረዋለሁ። ነገር ግን ተጎጂው ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ካሳ የሚጠይቅበት ሁለት ዓመት አለው (ቁጥር 2143)። አምና ከነበረ ጊዜው ገና አላለፈም። በቃል የተስማሙትን ነገ የሚክድ ሊመጣ ይችላል፤ የሕክምና ገንዘብ ሰጥተው ከሆነም ኃላፊነትዎን እንዳመኑ ተደርጎ ሊቀርብብዎት ይችላል። ለምን እንደተከፈለና ጉዳዩ በዚያ እንደተዘጋ የሚገልጽ የስምምነት ውል በምስክር ፊት ይፈረም። ረቂቁን ግን ራስዎ አይጻፉት። «ለሁሉም ነገር ኃላፊ ነኝ» የምትል አንዲት መስመር ለዓመታት ታስከፍላለች። አደራ፣ ጠበቃ ሳያየው አይፈርሙ።

ግቢው የማን እንደሆነም አልጻፉም። የግል ነው? የኪራይ? የቀበሌ? የቤተሰብ ከሆነ ሌሎች ወራሾች አሉ? ባለቤቱ ለመዝናኛ የፈቀደው ነገር ንግድ ሲሆን ሐሳቡን ሊቀይር ይችላልና ፈቃዱን በጽሑፍ ይያዙ። «መንግሥት በሌማት ትሩፋት ማር አምርቱ ብሎ የለም ወይ?» ይባላል። ማበረታቻ ግን ፈቃድ አይደለም። ንብ ማነብ የራሱ ሕግ አለው፣ አዋጅ ቁጥር 660/2002። ጎረቤትን ከልክ በላይ ማስቸገርንም የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1225 ይከለክላል። የክፍለ ከተማዎን የከተማ ግብርና ጽሕፈት ቤት ስለ ቀፎዎቹ ብዛትና ከመኖሪያ ቤት ስለሚኖራቸው ርቀት በጽሑፍ ጠይቀው መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ።

ለሱቆቹ ቃል ከመግባትዎ በፊት የቤቱን ካርታ ወይም የኪራይ ውል፣ የሐኪም ቤቱን ደረሰኝ፣ የሽማግሌዎቹን ስም፣ ቀፎዎቹ ያሉበትን ቦታ ከጎረቤት አጥር ጋር የሚያሳይ ፎቶ ይዘው በአቅራቢያዎ ያለ ጠበቃ ጋ ይሂዱ። ስለ ኃላፊነት መድንም፣ ማለትም ንቡ ሰው ቢጎዳ ካሳውን ስለሚሸፍን ኢንሹራንስ፣ ይጠይቁት። እስከዚያ ድረስ አጥሩ ሥር ያሉ ቀፎዎች ካሉ ያርቁ፤ ማሩንም ሲመሽ፣ ለጎረቤት አስቀድመው ነግረው ይቁረጡ።