ወተት የገባበት ሻይ ምግብ ነው

እህቴ፣ «በሚቀጥለው ሳምንት በአካባቢያችን ሆስፒታል የሐሞት ጠጠሬ ሊወጣ ነው፤ ምን ላዘጋጅ? የደም ግፊት መድኃኒቴንስ ላቋርጥ? ከቀዶ ሕክምናው ይልቅ ማደንዘዣው ያስፈራኛል» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም በዚሁ ሕመም ተሠቃይቼ ያለፍኩ ሰው ነኝ። ለቀዶ ሕክምናው ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ተይዞልኛል፤ የተሠራልኝ ግን አንዴ ብቻ ነው። የመጀመሪያው የተሰረዘው በራሴ ጥፋት ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

«ከእኩለ ሌሊት በኋላ ምግብ እንዳይቀምሱ» ተብዬ ነበር። አልቀመስኩም። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ግን ጉሮሮዬ ደርቆ ወተት የገባበት ሻይ ጠጣሁ፤ መጠጥ እንጂ ምግብ አይደለም ብዬ። 3 ሰዓት ላይ የማደንዘዣ ባለሙያዋ መጥታ «ዛሬ ምን ቀመሱ?» አለችኝ። «ምንም፤ ሻይ ብቻ።» «በወተት ነው ያለ ወተት?» «በወተት።» እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እኔም ልብሴን ለብሼ ወደ ቤቴ ተመለስኩ፤ የሚቀጥለው ቀጠሮ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነበር። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ጠጠሩ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ነስቶኛል።

ነገሩ ቁጣ ወይም ግትርነት አይደለም። ሙሉ ማደንዘዣ ሲሰጥሽ የጉሮሮሽ መከላከያ አብሮ ይተኛል። በሆድሽ ውስጥ ያለው ነገር ወደ ላይ ቢመለስ የሚያስልሽ ስለሌለ ወደ ሳንባ ይገባል፤ ይህ ደግሞ ሊገድል ይችላል። የተለመደው መመሪያ ማደንዘዣው ሊሰጥ ቀለል ያለ ምግብ 6 ሰዓት ሲቀረው፣ ቅባትና ሥጋ የበዛበት 8 ሰዓት ሲቀረው እንዲቆም ነው። ውኃና ወተት የሌለበት ሻይ ብዙ ጊዜ ማደንዘዣው ሊሰጥ 2 ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ይፈቀዳል፤ ወተት ግን የሚቆጠረው ከምግብ ጋር ነው። የአንቺ ሆስፒታል ከዚህ የረዘመ ሰዓት ከነገረሽ የእነሱን ያዢ። ድንገት ተሳስተሽ አንድ ነገር ብትቀምሺ ደግሞ አትደብቂ፤ ቀጠሮ ቢሰረዝ ይሻላል።

ስለ ማደንዘዣው ፍርሃትሽ ልንገርሽ። እኔን የረዳኝ መጽናኛ ቃል አልነበረም፤ ከባለሙያዋ ጋር በግልጽ መነጋገሬ ነው። የሚነቃነቅ ጥርስ ካለሽ ንገሪያት፤ የመተንፈሻ ቱቦው በአፍሽ ሲገባ ሊወድቅ ይችላል። ስትተኚ አብዝተሽ የምታንኮራፊ ከሆነ፣ ከቤተሰብሽ በማደንዘዣ ምክንያት አደጋ የደረሰበት ሰው ካለ፣ አስም ካለብሽ፣ ነፍሰ ጡር ልትሆኚ የምትችዪበት ዕድል ካለ፣ አለርጂ የሚሆንብሽ መድኃኒት ካለ፣ ሁሉንም ንገሪያት። ሰሞኑን ትኩሳትና ሳል ከጀመረሽ ደግሞ የቀጠሮውን ቀን አትጠብቂ፤ አስቀድመሽ ደውዪ። እኔ ሲጋራ ታጨሳለህ ወይ ስባል ባለቤቴ አጠገቤ ስለነበረች «ትቻለሁ» አልኩ። ባለሙያዋ አየችኝና ባለቤቴን ለአንድ ቅጽ ፊርማ ወደ ውጭ ላከቻት፤ ከዚያ ጥያቄውን ደገመችው። ያኔ እውነቱን ተናገርኩ። ከወር በፊት ማቆም ለቁስሉም ለሳንባም የተሻለ ነው፤ የአንድ ቀን ማቆም እንኳ በደም ውስጥ ያለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ይቀንሳል።

በዚያ ቀን ስምሽንና የሚሠራልሽን ነገር ደጋግመው ሲጠይቁሽ አትበሳጪ። እኔ «እነዚህ ሰዎች ማን መሆኔን አያውቁም እንዴ?» ብዬ ነበር። ለካ የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያወጣው የማረጋገጫ ዝርዝር አለ፤ ከማደንዘዣው በፊት፣ ከመቀደዱ በፊትና ከክፍሉ ከመውጣት በፊት ይነበባል። በስምንት ከተሞች በሚገኙ ስምንት ሆስፒታሎች ሲሞከር የሟቾች ቁጥር ከ100 ሰው ከ1.5 ወደ 0.8 ወርዷል። ከዚያ በኋላ አምስተኛ ጊዜ ብጠየቅም በደስታ መለስኩ።

የስምምነት ቅጹን ሳታነቢ አትፈርሚ። በተለይ አንድ ነገር ጠይቂ፦ ሥራው በትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ ተጀምሮ ካልተመቸ ወደ ትልቁ ቀዶ ሕክምና ሊቀየር ይችላል። ይህ ሲሆን ሐኪሙ ተሳሳተ ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ስትነቂ ያልጠበቅሽው ረጅም ስፌት እንዳያስደነግጥሽ አስቀድመሽ እወቂው።

ከዚያ ውጪ ያለው ቀላል ነው። ዋዜማውን ወይም ጠዋቱን በሳሙና ታጠቢ፤ ሆድሽን ግን ራስሽ በምላጭ አትላጪው፤ ምላጭ የሚተወው ጭረት ለኢንፌክሽን በር ይከፍታል። የጥፍር ቀለም ጣት ላይ የሚደረገውን የኦክስጅን መለኪያ ሊያዛባ ስለሚችል አስለቅቂው። ጌጣጌጥ ቤት ይቅር። ሰፊ ልብስ፣ በቀላሉ የሚገባ ጫማ፣ መነጽርሽንና የስልክ ቻርጀር ያዢ። አስታማሚሽ ደግሞ ነገር የማያካብድና ሐኪሙ የሚለውን በወረቀት የሚጽፍ ሰው ይሁን። እኔ ስነቃ የተነገረኝን ሁሉ «እሺ» ብዬ አንዱንም አላስታወስኩም። በዚያው ቀን ወደ ቤት ብትሸኚ እንኳ ለ24 ሰዓት መኪና አትንጂ፣ ውልም አትፈርሚ።

ማንም ያልነገረኝ አንድ ነገር ነበር፦ ትከሻዬ ታመመ። ሆዴ ተሠርቶ ትከሻዬ ለምን? በካሜራ ሲሠራ ሆድን በጋዝ ይነፉታል፤ የቀረው ጋዝ ድያፍራምን፣ ማለትም ሆድንና ደረትን የሚለየውን ጡንቻ፣ ሲያስቆጣ ሕመሙ በትከሻ በኩል ይሰማል። ልቤ ነው ብዬ ነርሷን ሦስት ጊዜ ጠራኋት። በጥቂት ቀናት ይለቃል፤ ተነስቶ ቀስ እያሉ መራመድም ይረዳል። ስትስዪ ትራስ ሆድሽ ላይ ጫን አድርጊ። ትኩሳት፣ ዓይን ቢጫ መሆን፣ የሽንት መጥቆር፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም፣ የአንድ እግር ማበጥ ወይም የትንፋሽ ማጠር ካየሽ ግን ሳትውዪ ሳታድሪ ተመለሺ።

የደም ግፊት መድኃኒትሽን በተመለከተ እኔም ሆንኩ ሌላው የዚህ ቡድን አባል ልንመልስልሽ አይገባም። በቀዶ ሕክምናው ጠዋት በጥቂት ውኃ የሚዋጥ አለ፤ የሚቆምም አለ። ደም ማቅጠኛ፣ ኢንሱሊን፣ ስማቸው በ«ፍሎዚን» የሚያልቅ የስኳር መድኃኒቶችና በሳምንት አንዴ የሚወጉት የክብደት መቀነሻ መርፌም እንደዚሁ የየራሳቸው ሕግ አላቸው። ከዕፅዋት የተቀመመ ነገር የምትወስጂ ከሆነም ቁጠሪው። ነገ ጠዋት የመድኃኒቶቹን ካርቶኖች ሰብስበሽ ፊትሽ ደርድሪያቸውና ወደ ሆስፒታሉ ደውዪ፤ የየትኛው የመጨረሻ ፍሬ መቼ እንደሚዋጥ አንድ በአንድ ጠይቀሽ በየካርቶኑ ላይ ጻፊው።